በቁሜ የወረደልኝ ሙሾ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ከእንግዲህ የትም በሰዓቱ መድረስ ለማይጠበቅበት ሰው ሰዓት መሸለም የማን ሐሳብ እንደሆነ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። የመድረኩ አስተዋዋቂ «ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰሜን ተራሮች የሕዝባችንን ባህል ያጠኑ አንጋፋ ባለሙያ» ሲል፣ ማን ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ከኋላዬ ግድግዳ ነበር።

የሥራዬ ስም በትምህርት ቤት አንትሮፖሎጂ ይባላል። ዲግሪዬን ይዤ ዳባት የገባሁ ለት እናቴ ምን ተምሬ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። «ሰው ነው የማጠናው» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ሰው ለማጥናት አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደህ? ሰው እንደሆነ እዚህም ሞልቷል» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ በሙሉ እናቴ በአንድ ትንፋሽ የጨረሰችውን ነገር በብዙ ሪፖርት ለማስረዳት የተደረገ ሙከራ ነው።

በባህል መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የተመደብኩት ደባርቅ ነበር። ከዚያ ወደ ዛሪማ አወረዱኝ፤ ከዛሪማ ሙቀት አውጥተው ደግሞ መካነ ብርሃን ብርድ ላይ ሰቀሉኝ። የዝውውር ደብዳቤዎቼን በአንድ ካርቶን አስቀምጫቸው ነበር፤ ግማሹን አይጥ አንብቦታል። ዛሪማ ላይ የተማርኩት ላብ የነካው ወረቀት ጽሑፉን እንደሚውጥ ነው። መካነ ብርሃን ላይ የተማርኩት የመቅረጫ ቴፕ ባትሪ እንደ አራስ ልጅ ሙቀት እንደሚሻ ነው። በሰሜን ብርድ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ጠዋት ከማረፊያዬ ስወጣ አራቱንም በብብቴ ይዤ እወጣለሁ። ታዲያ ሰው ቤት ደርሼ እጄን ለሰላምታ ስዘረጋ አንዱ ሾልኮ መሬት ይወድቃል። አንድ ቄስ ጎንበስ ብለው አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ እንቁላል መጣል የጀመርከው መቼ ነው?» ብለውኛል።

አሁን ሰዎች ጸሐፊ ይሉኛል። ስለ ተራራው፣ ስለ አዕዋፉና ስለ ሰው ትዝታ ጥቂት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ። የደባርቅ ጎረቤቶቼ ገዝተውልኛል፤ አንዱ እንዳነበበውም ወሬ ሰምቻለሁ። ከአጥኚነት ወደ ጸሐፊነት እንዴት ተሻገርክ ለሚሉኝ ብዙ የተከበረ መልስ ስሰጥ ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን አንድ ነው፤ በአንድ የታኅሣሥ ቀን ሳልሞት ተለቅሶልኝ ነው።

ነገሩን ከየኔታ ክንፈ ልጀምር። የኔታ ከደረስጌ ወዲያ ባለች ትንሽ አጥቢያ ተወልደው፣ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዐይናቸው ለመጽሐፍ ሲደክም መሥሪያ ቤታችን የቃል ታሪክ ሰብሳቢ አድርጎ የቀጠራቸው ሰው ነበሩ። የአጥቢያዋን ስም አልጽፍም፤ እዚያ ገና የሚያውቁኝ አሉ። በወረቀት ላይ የበላያቸው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ በትሕትና ብነግራቸው «ደግ ነው ጌታዬ፤ እንግዲያስ ኃላፊነቱን ይሸከሙት» ብለው ስንቁን ከነአገልግሉ ትከሻዬ ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ «አንተ» እንጂ «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም።

የኔታ ደብተር አይዙም። የሰሙት ነገር መያዝ አለበት ብለው ያመኑ እንደሆነ የጋቢያቸውን ዘርፍ አንዲት ክር ቋጠር ያደርጋሉ። ማረፊያችን ስንደርስ ቋጠሮውን አንድ በአንድ እየፈቱ ያጽፉኛል። ይቺ የወንዙ የጥንት ስም፣ ይቺ የባልቴቷ በሬ፣ ይቺ ደግሞ ገበሬው ሊናገራት አፉ ላይ አድርሶ የዋጣት። ይህችን የመጨረሻዋን ዓይነት ቋጠሮ በየትኛውም ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።

አንድ ቤት ከገቡ በቀን ከአንድ በላይ ጥያቄ አይጠይቁም። «የመጀመሪያው መልስ ለእንግዳ የሚቀርብ ነው» ይሉኝ ነበር። «ዝም ካልክ ሁለተኛው ይመጣል። እሱ ለቤተሰብ ነው።» እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ ደመወዜ በጥያቄ ብዛት የሚከፈል ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ሲቀመጡ ለተናጋሪው ጎናቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ «ዐይን ዐይኑን የሚያዩት ሰው ያሰበውን ትቶ ያማረውን ይናገራል» አሉ።

ከሁሉ የጠበቀው ሕጋቸው ግን ወቅት ነው። የአውድማ ዘፈን በአውድማ፣ የሠርግ በሠርግ፣ ሙሾ በለቅሶ። «ያለጊዜው የተጠየቀ ነገር ያለጊዜው እንደተወለደ ጥጃ ነው፤ ቢቆምም አይሄድም።» ይህንን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት። አንድን ነገር ለመርሳት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ደብተር ላይ መጻፍ እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

በየኔታ አጥቢያ እመት እንጉዳይ የሚባሉ አልቃሽ ነበሩ። ለየኔታ የአጎት ልጅ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ የተቀበሩ ዕለት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሬሳው ተቀምጦ፣ ሞፈሩና ቀንበሩ ከአጠገቡ ተጋድሞ፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመው ነበር። እመት እንጉዳይ ቀጭን፣ ትከሻቸው የጠበበ፣ በመንገድ ቢያልፉ የማይታዩ ሴት ናቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሜዳው ጠበበ። ሟቹ ያረሷቸውን ማሳዎች በየስማቸው ጠሩ። ያረፉበትን ድንጋይ ጠሩ። ከዓመታት በፊት የሞተውን ግራ በሬያቸውን ቀለሙን ሳይቀር ጠሩ። ውሃ የጠጡበትን ምንጭ «ማን ሊቀዳሽ ነው?» ብለው ጠየቁ። አጠገቤ የቆመው ሰው የአጥቢያው ሟች ሁሉ ሙሾ በእሳቸው ዘንድ እንዳለ፣ አንዱንም ከአንዱ እንደማያምታቱ በሹክሹክታ ነገረኝ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት የአንድ አገር መዝገብ በጉሮሯቸው ይዘው ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። እኔ ባለ ዲግሪው ከኋላ ቆሜ ቴፑን መክፈት ረስቼ ነበር።

ድምፃቸው ገደሉን ይሻገራል። ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ለሚወጣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ለእሳቸው ድምፅ ግን ጓሮ ነው። የማዶ ሰው ጥሩምባ አይጠብቅም። የእንጉዳይ ድምፅ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሞፈሩን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይነሣል። ደንቡ ይሄ ነበር። በዚህ ደንብ ላይ አንድ አጥቢያ ሙሉ ተደግፎ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በዚያ ሩብ ዓመት ዕቅዴ ላይ ስድስት ሙሾ መቅዳት አለብኝ የሚል ሰፍሯል። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የነበሩኝ ሁለት ብቻ ናቸው። አየሩ ደግ ሆነ፣ ሰዉም ጤነኛ ሆነ፤ በዕቅዱ መሠረት የሚሞት ጠፋ። ለአለቃዬ በስልክ ይህንኑ ባስረዳው «ችግሩን ከኅብረተሰቡ ጋር ተወያይተህ ፍታው» አለኝ።

የኔታ ለተዝካር ዳባት ወርደው ነበር። እሳቸው ቢኖሩ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ብቻዬን ባትሪዬን ታቅፌ እመት እንጉዳይ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቀን ስለ ራሴ ሳወራላቸው ሰነበትኩ፤ ስለ ዳባት፣ ስለ እናቴ፣ እናቴ ስለምትወዳት ቀይ ላም፣ በአባቴ መቃብር ራስጌ ስለበቀለው ወይራ። እሳቸው ገብስ እያበጠሩ ያዳምጣሉ። በሦስተኛው ቀን ጠየቅኋቸው።

«እመት፣ አንዲት ሙሾ ብቻ ቢያወርዱልኝ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ለቴፑ ነው።»

«ቴፑ ታሟል?»

«እንዲያው የድሮዎቹን፣ ያለፉትን ሰዎች…»

«እነሱ ተለቅሶላቸዋል፣ እርማቸው ወጥቷል። የተኛ ሰው ምን በወጣው ይቀሰቀሳል?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛው መልስ ይመጣ ነበር። እኔ ግን «እንግዲያው እኔን ያልቅሱኝ» አልኩ። «እዚህ ዘመድ የለኝ፤ ሟርትም ቢሆን በራሴ ነው።»

ሳቁ። «አንተን ምን ብዬ ላልቅስህ? ባትሪ አቃፊው ልበል?»

«እንዳሻዎ።»

«ሲያኝክ እያየሁትስ እንዴት ብዬ ነው የማለቅስለት?» ለካስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር።

ቆሎውን አስቀመጥኩ። መደቡ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩና ጋቢዬን እስከ አናቴ ተከናነብኩ። ቴፑን ደረቴ ላይ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩ። እመት እንጉዳይ ለእንግዳ እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ እኔም ይህን አውቄ ነበር የለመንኳቸው፤ ሪፖርቴ ላይ ግን ይህን አልጻፍኩም።

መጀመሪያ በለሆሳስ፣ እየሳቁ ጀመሩ። ሁለት ስንኝ ያህል ቀለዱብኝ። ከዚያ ድምፃቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተቀየረ። በአንድ ቦታ ትንፋሽ ሳቡና፣

«ዳባት ላይ ያለችው ቀይ ላም ምን አለች፣
ልጁ ቀረ ሲሏት ጥጃዋን ረሳች»

አሉ። ሳቄ ከጋቢው ሥር ቀጥ አለ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ እናቴን ያለ እኔ አየኋት። በደጃፉ ቆማ መንገዱን ታያለች። ወይራውን አየሁት፤ አጠገቡ አዲስ አፈር ተቆልሏል። ሁለት ቀን ያወራሁት ተራ ወሬ ሁሉ፣ የእኔ መሆኑን እኔ ራሴ የማላውቀው አገር ሆኖ ተመለሰልኝ። ድምፃቸው እየሰፋ ሄደ፤ ጣሪያው አልበቃው አለ። እሳቸውም ለቴፕ መሆኑን የረሱ ይመስለኛል። እኔ ግን ለዚያ ለሞተው ልጅ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ደግ ልጅ ነበር አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ አዝኜለት የማውቀው ሰው የለም።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። «ወይኔ የሰው አገር ልጅ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ አንዲት ጎረቤት እግሬ ላይ ተደፋች። እኔም ደንግጬ ብድግ አልኩ። የተሸፈነ ሬሳ ቀና ሲል ያየች ሴት የምትሆነውን ሆነች። ለጥቂት ነው እውነተኛ ለቅሶ ያልሆነው።

ወደ ውጭ ስወጣ ኮረብታው ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ሰው ከየአቅጣጫው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረቱን እየደቃ ይመጣል። የማዶ ሰዎችም ቁልቁለቱን ጀምረውታል።

«ማን ነው የሞተው?»

«እንግዳው ነው።»

«ይሄው ቆሟል እኮ!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ሳይስቅ ከላይ ሌላ ጩኸት መጣ። የገብስ ውቂያ ሰሞን ነበር። ሦስት አውድማ እህሉ እንደተዘረጋ፣ ሰዉ ሁሉ እኔን ለመቅበር ጥሎት ወርዷል። ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ የባዶ አውድማ ጊዜ ያውቃል። ስንደርስ ሜዳው ሙሉ ጠጉራም ጀርባ ነበር። ግማሹን እህል በልተው ግማሹን ገደል አፍስሰውታል።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው በር ላይ ባለው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሚናገሩላቸው አያ ደሴ ናቸው፤ ቁጡ አይደሉም፣ ለዚህም ነው የሚፈሩት።

«አንተ እንግዳ ነህ» አሉኝ። «የማያውቅን ሰው አገር አይቀየመውም። ገብስ ግን ለጭላዳ አብልተሃል። ለከርሞ መኸር መጥተህ ገብስ ትጠብቃለህ።» ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ቀሎኝ ሳቅሁ።

ቀጥለው ወደ እመት እንጉዳይ ዞሩ። ያኔ የሚስቅ አልነበረም።

«እንጉዳይ፣ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ነገ ሰው ቢሞት ድምፅሽን ሰምተን እንነሣለን፣ ወይስ ቴፕ ነው ብለን ገብሳችንን እንጠብቃለን? በዚህ መሐል ያ ሟች ሰው አጥቶ ቢቀበርስ? ከዛሬ ወዲያ ለቅሶ ላይ ድምፅ አታውጪ።»

«እሺ» አሉ። ሰው ሲበተን ባጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «ላሚቱ ቀይ ናት ብለኸኛል። እውነትህን ነው?» አሉኝ።

«እውነቴን ነው እመት።»

«ቢያንስ እሱን አልዋሸሁም» ብለው ሄዱ።

ካሴቱን አለቃዬ ሰምቶ «በጥራቱ ለሌሎች አርአያ የሚሆን ቅጂ» ብሎ ጻፈልኝ። የኔታ ከዳባት ሲመለሱ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ገደል ገደሉን እያዩ አዳምጠው ሲጨርሱ አንድም ክር አልቋጠሩም። «ጥጃው ቆመልህ?» አሉ።

«ቆመ የኔታ። አልሄደም።»

ወዲያው ተነሥተን አጥቢያዋ ድረስ በእግር ሄድን። የኔታ አያ ደሴን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው፤ ምሕረት አለ ወይ ብለው። አያ ደሴ አንገታቸውን ደፍተው «የኔታ፣ ለእርስዎ ምን ይከለከላል፤ ነገር ግን ምሕረት ድምፅን ታማኝ አያደርግም» አሉ። የኔታ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ሁለተኛውን መልስ ጠበቁ። አልመጣም።

ለከርሞ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ወንጭፍ ይዤ፣ ጭላዳ ልጠብቅ ሄድኩ። ወንጭፉን የመጀመሪያ ቀን ስወረውር ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የራሴን አገልግል መታ። ጭላዳዎቹ ብዙ አልተጨነቁልኝም። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ፣ ካደሩበት ገደል አፋፉ ላይ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ መጀመሪያ ትልቁ ወንድ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ እንደ ተከፈተ ቁስል ሆኖ፤ ከኋላው ሴቶቹ፤ ከዚያ ግልገሎቹ በእናታቸው ጀርባ። ይቀመጡና በሁለት እጃቸው ሣር ሲነጩ እህል የምትለቅም ሴት ይመስላሉ። እየነጩም ያወራሉ። ማጋነን አይደለም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፣ አንዷ ስትርቅ ሌላዋ ትጠራታለች። ከበላያቸው አጥንት ይዞ የሚወጣው ትልቁ አሞራ ከሰማይ ወደ ዐለቱ ይለቀዋል፤ ድምፁ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ አሞራው ቀድሞት ወርዷል። ዓመታት ሙሉ በዚህ አገር ስሄድ የኖርኩት ተራራውን እንደ ግድግዳ እያየሁት ነበር። በቅጣት ተቀምጬ አየሁት። የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ ደባርቅ ትቼው ስለመጣሁ ያየሁትን የጻፍኩት ሣጥን ባልተሠራለት ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ለማንም የማይላክ ነገር ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው መኸር አንዲት አሮጊት ሞቱ። ሌላ ሴት አለቀሰችላቸው፤ ደግ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ግን ከሜዳው አይወጣም። የማዶ ሰው ጥሩምባው ሁለቴ እስኪነፋ አልመጣም። እመት እንጉዳይ ከሁሉም ኋላ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ከነጠላው ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ። የአሮጊቷ ማሳ፣ የአሮጊቷ ምንጭ፣ የአሮጊቷ ላሞች ስማቸው ሳይጠራ ተቀበሩ። መዝገቡ እዚያው ቆሟል፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስለ እመት እንጉዳይ ድምፅ ሳስብ እንቅልፌ ይሸሻል።

የተፈረደብኝ አንድ መኸር ነበር፤ አራት መኸር ሄድኩ። አያ ደሴ «ቅጣትህ አልቋል እኮ» ሲሉኝ «ጭላዳዎቹ አላሰናበቱኝም» እላቸዋለሁ። እመት እንጉዳይ በመንገድ ሲያልፉ ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ከዚያ ያለፈ አይናገሩኝም።

በአራተኛው መኸር የኔታ ደባርቅ ላይ ታመው ተኙ። ለገበያ የመጡት አያ ደሴ ሊጠይቋቸው ገቡ። የኔታ እጃቸውን ያዙና «እንጉዳይ ታልቅሰኝ» አሏቸው። «እሷ ካልሆነች ማንም እንዳያለቅስ። በዝምታ ቅበሩኝ።»

«የኔታ፣ እባክዎ ይህን አይጠይቁን።»

«ጠየቅሁ። በቀን አንድ ነው ልማዴ፤ የዛሬው ይሄ ነው።»

አያ ደሴ የየኔታን ጉልበት ስመው ወጡ። በሳምንቱ የኔታ ዐረፉ።

በቃሬዛ ወደ አጥቢያቸው ተሸክመን፣ በየመንደሩ እየተቀያየርን፣ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሜዳው ላይ አሳረፍናቸው። መቋሚያቸውን በራስጌ፣ ጋቢያቸውን በላያቸው አደረግን። በጋቢው ዘርፍ ላይ ሳይፈቱ የቀሩ አራት ቋጠሮዎች ነበሩ። ምን ምን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ለመፍታት እጄ አልደፈረም።

ሰው ሁሉ ቆመ። የሚያለቅስ የለም። የማዶ ሰው ገና አልሰማም፤ ከገደሉ ባሻገር አውድማቸው ላይ በመንሽ እህል ሲያነሡ እንደ ጉንዳን ይታያሉ። ጥሩምባ ነፊው ሊነፋ ቀና ሲል አያ ደሴ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ» አሉ። «ሬሳው እፊታችን ነው። የኔታ ጠይቀዋል። እንጉዳይ፣ ውጪ። የማዶ ሰው ድምፅሽን አምኖ ከመጣ የተፈረደብሽ ይነሣልሻል። ካልመጣ ጥሩምባው ይነፋል፣ ነገሩም እንደነበረ ይቆያል።»

እመት እንጉዳይ ቀስ ብለው ወደ መሐል ወጡ። የኔታን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ «እኔ አልጀምርም» አሉ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ያስዋሸኝ ይጀምር።»

ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ አገር ወንድ ሙሾ ቢያወርድ ነውር የለበትም፤ እኔ ባወርድ ግን ነውሩ የት ድረስ እንደሚሰማ አውቄያለሁ። ወጣሁ። ሌሎች ያለቀሱትን ስሰበስብ የኖርኩ ሰው አንድ የራሴ ስንኝ አልነበረኝም። ዐይኔ ከሜዳው በላይ ዳገቱ ላይ የቆሙትን ጅብራዎች፣ እነዚያን ረጃጅም የውርጭ ተክሎች፣ አየ። እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው፣ ብርድና ነፋስ የማይነቀንቃቸው። የኔታን መሰሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤

«የኔታ የኔታ፣ የደጋው ጅብራ፣
በየዓመቱ ያብቡ ከገደሉ ጋራ።»

ከዚያ አንድ ሰው አሳለው። ሌላው ሳቁን ሊሸፍን ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። በእኛ አገር ሥራ ፈትቶ የቆመን ሰው ነው «ምን እንደ ጅብራ ይገተርሃል» የሚሉት፤ ሊቁን በአስከሬናቸው ፊት በስድብ ጠራኋቸው። ይህም አልበቃኝ፤ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው «ጅብራ በየዓመቱ ያብባል? የት አገር ነው የኖረው ይሄ ሰውዬ?» ሲሉ ሰማሁ። መሬት ብትከፈት ከየኔታ ቀድሜ እገባ ነበር።

እመት እንጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው ውስጥ አራት ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ቁጣ፣ ከሥሩም ሊያመልጣቸው የደረሰ ሳቅ ነበረ። ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«አንተ የከተማ ልጅ፣ አታውቀው ጅብራ፤
አንዴ ነው ’ሚያብበው፣ አንዴ ነው ’ሚያበራ።
ብዙ ዘመን ቆሞ ከብርድ ጋር ሲያወራ፣
አብበው ጨረሱ የኔታም በተራ።»

ያ ድምፅ አልደከመም ነበር። ስድቤን አነሡት፣ አጠቡት፣ ዘውድ አድርገው በየኔታ ራስ ላይ ደፉት። ጅብራ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ በየቀኑ ባጠገቡ እያለፍኩ አላየሁትም። የሰዉ ሁሉ ትከሻ አንድ ላይ ወደቀ። የሳቀው ሰው እያለቀሰ ነው። ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም፤ ይህን ነገር አንድም ቃል ሳልጨምርበት አንድ ቀን መጻፍ ብችል ብዬ ተመኘሁ፤ እስካሁንም የምሞክረው እሱን ነው።

አያ ደሴ ደረታቸውን ደቁ። «እንጉዳይ፣ ድገሚው» አሉ።

ደገሙት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እመት እንጉዳይ ከጅብራው ወደ የኔታ የልጅነት ማሳ፣ ከማሳው ወደ ቅኔ ቤቱ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ምንጩ እየሄዱ አገሩን አንድ በአንድ ጠሩት። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ ማዶውን አያለሁ። አውድማዎቹ ላይ የነበሩት ሰዎች ቀጥ ብለዋል። አንዱ ወደ ሌላው ሄዶ አንድ ነገር ተባባሉ። ከአፋፉ በታች ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፣ ይጠብቃሉ።

ከዚያ አንዱ መንሹን ጣለ። ሌላው ጣለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከየአውድማው ተነሥተው ቁልቁለቱን ጀመሩ፤ ገብሱን የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ ወደ ኋላ አልቀረም።